ርዕሱ ጉዳዩን ይናገር

ማሽኑ መጮህ የጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የጎረቤት ስልክ መስሏት ስፌቷን ቀጠለች። ቀና ስትል ግን በአባቷ አልጋ ራስጌ ያለው የኦክስጅን ማሽን ቢጫ አብርቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የኖረ መብራት ነው። እሷም ያን አረንጓዴ ተማምና ነበር አንዷን ክፍል የስፌት ቤትም የሕመምተኛ ቤትም አድርጋ የኖረችው። ከስፌት መኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር አንድ ዓይኗን ወደዚያ ትጥላለች፣ አረንጓዴውን ታያለች፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ ትመልሳለች።

አባቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ዕቃ ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ ልጁን እንዲሁ አልተዋትም። የማሽኑን ስፖንጅ በየሳምንቱ እጠቢ፣ የውስጡን ማጣሪያ በየስድስት ወሩ ቀይሪ፣ ቱቦው እንዳይታጠፍ ተጠንቀቂ እያለ እስኪያንገሸግሻት ድረስ አስጠንቷታል። የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ስፖንጁን አውጥታ አራገፈች፣ ማጣሪያውን አየች፣ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰች፣ ሶኬት ቀየረች፣ አጠፋች፣ አበራች። ቢጫው ወይ ፍንክች። ሞተሩ ይሠራል፣ አየሩም በቱቦው ይመጣል፤ ግን የሚመጣው ሁላችንም የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው። ለአባቷ ሳንባ ደግሞ ያ አየር አይበቃውም። ጣቱ ላይ የተቆነጠጠው የደሙ ኦክስጅን መለኪያ ዘጠና አንድ አለ፣ ሰማንያ አራት አለ፣ ሰባ ዘጠኝ አለ። ከንፈሩ ጠቆረ።

ያኔ ለክፉ ቀን ተብሎ ጥግ ላይ የቆመውን የኦክስጅን ሲሊንደር ጎትታ ቱቦውን ወደሱ አዞረች። ከሰፈሩ ክሊኒክ የመጣችው ነርስ የቀረውን የሚያሳየውን የሲሊንደሩን መርፌ አየች፣ በጣቷ አሰላች፣ ከቀኑ አስር ሰዓት አያልፍም አለች። ክሊኒኩ የነበረውን አንድ ሲሊንደር ማለዳ ምጥ የያዛት ሴት ወስዳዋለች። ሆስፒታሉ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ከላይ ሲዘንብ ስለሰነበተ ድልድዩ ውሃ ውስጥ ገብቷል። የልብስ ሰፊዋ ወንድም ሙሉ ሲሊንደር በሰው ፒካፕ ጭኖ ከማዶ ደርሷል፤ ቢሆንም ከሌሎች መኪኖች ጋር ተሰልፎ ውሃውን ከማየት በቀር የሚሠራው የለም። ቢጎድል ነገ ጠዋት ነው ብለውታል።

ስለዚህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ከአስር ሰዓት በፊት ወይ ወንዙ ይጎድላል፣ ወይ ማሽኑ ይሠራል። በወንዙ ላይ ሥልጣን የላትም።

ማሽኑን የሸጠላት ሱቅ ስልክ አያነሳም። ከተማው ውስጥ ያለው ጠጋኝ የሚያውቀው ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ስትደውልለት እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው አለና የገዛ አባቷን ስም ነገራት። አባቷ ደግሞ ዓይኑን ገልጦ ይከድናል። ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ ምኑ ይሆን የተበላሸው ስትለው ፊውዙን እዪው አላት፤ አየችው፣ ደህና ነው። መልሳ ስትጠይቀው ከሞቱ ሃያ ዓመት ስላለፋቸው አለቃው ያወራ ጀመር። ለማልቀስ ጊዜ የላትም።

ያን ጊዜ ነው መድረኩ ትዝ ያላት። ጠጋኞች የሚሰባሰቡበት፣ አንዱ የጠየቀውን ሌላው የሚመልስበት የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ነው። አባቷ ጡረታውን የጨረሰው እዚያ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ስልኩ ላይ ሲለጥፍ ይውላል፣ እሷም ከነዚያ ሰዎችህ ጋር ስታወራ ምሳህ ቀዘቀዘ እያለች ትነዘንዘዋለች። አንድ ጊዜ ስለ ስፌት መኪናዋ ልትጠይቅ ‘መርፌ’ በሚል ስም ተመዝግባ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብላ አላየችውም።

ርዕስ በሚለው ቦታ ላይ ‘እርዱኝ አባቴ ሊሞትብኝ ነው’ ብላ ጻፈች፤ አምስት ቃለ አጋኖ አስከተለች። ከሥሩ ‘ተመሳሳይ ጥያቄ አልተገኘም’ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ምኑንም ሳታይ ማሽኑ ቢጫ አብርቷል እባካችሁ ብላ ለጠፈችው። አራት ደቂቃ አልሞላም፤ ‘ካቻቢቴ’ የሚባል የመድረኩ አድሚን መጣ። እንዲህ ይላል፦ ርዕሱ ጉዳዩን አይናገርም፤ ደንብ ቁጥር ሁለትን ያንብቡ፤ ተዘግቷል።

ደሟ ፈላ። አባቴ ሊሞት ነው ከማለት ወዲያ ምን የሚናገር ጉዳይ አለ? ካቻቢቴ የተባለውን ሰው እዚህ ቢያመጡላት በእጇ ባለው መቀስ ምን እንደምታደርገው አንድ በአንድ አሰበች። ከዚያ የሲሊንደሩን መርፌ አየችና ሁለተኛ ጻፈች።

የሁለተኛው ርዕስ ‘ስለ ኦክስጅን ማሽን’ የሚል ነበር፤ ከመጀመሪያው ይሻላል። ውስጡ ግን ጉድ ነው። ያለ አንድ ነጥብ፣ ያለ አንድ አንቀጽ፣ ከእናቷ ሞት ጀምራ የአባቷን ሳንባ፣ የሻጩን ዓይነ ደረቅነት፣ የወንዙን ሙላት፣ የወንድሟን መከራ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ሰው ሲጨነቅ ሁሉንም መናገር ይፈልጋል፤ ሁሉንም ተናግራ የማሽኑን ዓይነት ሳትጽፍ ቀረች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሁለት መልስ መጣ። አንዱ እጸልይልዎታለሁ አለ። ሌላው አክስቱ እንዲህ ያለ ማሽን እንደነበራትና እንደሸጠችው አወጋ። አንዱ እህቴ አንቀጽ የሚባል ነገር አለ አላት። ለሱ ደግሞ ሌላው፣ የሰው አባት እያጣጣረ ስለ አንቀጽ ታወራለህ ወይ አለው፤ ሁለቱ ተያያዙ፣ ሰዎች ጎራ ለይተው ገቡ፣ መሃል ላይ አንዱ የስልክ ሽፋን በርካሽ እሸጣለሁ አለ። ዓይነቱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ የተባረከ ሰው ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ አላየችውም።

ሦስተኛው ስሕተቷ የባሰ ነው። እዚህ ካልሰሙኝ እዚያ ይሰሙኛል ብላ ያንኑ ጽሑፍ በፍሪጅ ክፍልም፣ በጄኔሬተር ክፍልም፣ በስልክ ጥገና ክፍልም ለጠፈችው። ለቅሶ ደራሽ ሰብስቡልኝ ያለች ይመስል። ካቻቢቴ መልሶ መጣ፦ አንድን ጥያቄ በየክፍሉ መበተን የተከለከለ ነው፤ ለሃያ አራት ሰዓት ታግደዋል። ጨዋ ሰው መሆኑን ለማሳየት ይመስላል አንድ መስመር ጨመረበት፦ ቅር አይበልዎት፤ ጋሼ ብሎን እንዳስተማሩን ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው።

ልብስ ሰፊዋ እዚያ ላይ ቆመች። ጋሼ ብሎንን ታውቀዋለች። በአባቷ ስልክ ላይ፣ ከአንዲት ብሎን ሥዕል ጎን፣ በየቀኑ የምታየው ስም ነው። አባቷ ራሱ ነው።

ዘወር ብላ አየችው። አፉን በጥቂቱ ከፍቶ ተኝቷል። ስልኩ ከትራሱ ሥር ነው፤ የሚከፈተው በአውራ ጣቱ ነው። መለኪያው ያልተቆነጠጠበትን እጁን አነሳች፣ ሠላሳ ዓመት መፍቻ ሲጨብጥ የሻከረውን አውራ ጣት ስልኩ ላይ አስደገፈችው። ፍቀድልኝ አባዬ አለችው፤ አልሰማትም።

መጀመሪያ ደንቡን ፈለገች። ሰባት ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች የጻፈው እሱ ነው፤ ስታነበው ድምፁን ሰማችው። ‘ሁለት፤ ርዕሱ ጉዳዩን ይናገር። የማሽኑን ዓይነት፣ የሚያሳየውን ምልክት፣ የሞከርከውን ጻፍ። እርዱኝ የሚለው ርዕስ አይደለም፤ እዚህ የመጣ ሁሉ እርዳታ ፈልጎ ነው የመጣው።’ ‘አምስት፤ ችግርህ ሲፈታ ተፈታልኝ ብለህ አትጥፋ። እንዴት እንደተፈታ ጻፍ፤ ከኋላህ የሚመጣ ሰው አለ።’ ልጅ ሳለች የቤት ሥራዋን ሲያርምላት እንዲሁ ነበር። እውነቱን ነው፣ ያናድዳል።

እንደ ተማሪ ቁጭ ብላ ጻፈች። ‘የኦክስጅን ማሽን፣ ባለ አምስት ሊትር፤ ሞተሩ ይሠራል፣ ቢጫ መብራት፣ የኦክስጅኑ መጠን ዝቅተኛ፤ ስፖንጅ፣ ማጣሪያ፣ ቱቦና ፊውዝ ታይቷል።’ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር ሳይቀር ገለበጠች። ውስጡን በአራት አጭር መስመር ጨረሰችው። በአባቷ ስም ለጠፈችው፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

መልሱ እንደ ጉድ ጎረፈ። በደስታ የመጀመሪያውን ከፈተች፦ ‘የቅዳሜው ፈተና መጣ፤ ጓዶች ተዘጋጁ።’

ለካ አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ልማድ ነበረው። ልክ የራሱ ችግር አስመስሎ፣ ርዕሱን አሳምሮ፣ የተበላሸ ማሽን ይገልጽና ወጣት ጠጋኞቹን ያፋጥጣቸዋል፤ እነሱ ሲከራከሩ ይውላሉ፣ እሱ እሑድ መልሱን ይሰጣል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ርዕሱ ደግሞ አንድም እንከን የለውም። ከእንዲህ ያለ ርዕስ ጀርባ የሚሞት ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይጠርጥር?

ፈተና አይደለም ብላ ጻፈች። እኔ ልጁ ነኝ፣ በሽተኛው እሱ ራሱ ነው፣ ሲሊንደሩ አስር ሰዓት ላይ ያልቃል አለች። ሳቁባት። አንዱ ጋሼ ባለፈውም በሽተኛው አልጋ ላይ ነው፣ ፍጠኑ ብለው አሯሩጠውናል፣ ዛሬ አንሸወድም አለ። አንዱ ኦክስጅኑን ከአየሩ የሚለየው ወንፊት ተበልቷል፣ መቀየር ነው አለ፤ ወንፊቱ የሚታዘዘው ከባሕር ማዶ ነው፣ ወር ይፈጃል። ካቻቢቴ ደግሞ ትሁት ሆኖ ቀረበ፦ ‘ጋሼ፣ ሳታስቡ አትመልሱ ስላሉን አስቤበት ነገ ጠዋት አቀርባለሁ። መልካም ቅዳሜ።’ ለብቻው ብትጽፍለት፣ ደግማ ብትጽፍለት፣ ከመድረኩ ወጥቶ ሄዷል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ቢያንስ ልትረግመው ትችል ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መርፌው ቀዩ ላይ ገባ። ነርሷ ብቅ ብላ የኦክስጅኑን ፍሰት ዝቅ አድርጋላት ሄደች፤ ያ ጥቂት ደቂቃ ያስገኛል፣ ለአባቷ ግን አልተመቸውም፤ ደረቱ ሲወጣና ሲወርድ ከብርድ ልብሱ ላይ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ስልኩ እጇ ላይ ነበርና ማንም ይየው ማንም አይየው ሳትል፣ ለመለጠፍም ሳታስብ፣ ርዕስ በሚለው ቦታ ላይ የጠዋቱን መልሳ ጻፈች። እርዱኝ አባቴ ሊሞትብኝ ነው።

ጠዋት በራሷ ስም ስትጽፍ ተመሳሳይ ጥያቄ አልተገኘም ያላት ቦታ አሁን ሌላ ነገር አሳየ። የተዘጉ ጥያቄዎች ለተራው አባል አይታዩም፤ እንደ አባቷ ላለ አድሚን ግን ይታያሉ። ‘ተመሳሳይ ጥያቄዎች፦ አሥራ ሁለት’ ይላል፤ አንዱ የራሷ የጠዋቱ ነው። ከሱ በታች ግራጫ ቀለም የተቀቡ አሥራ አንድ ርዕሶች ተደርድረዋል። እባካችሁ ቶሎ። እርዱኝ ቸግሮኛል። የሚያውቅ ካለ በፈጣሪ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ‘እርዱኝ እናቴ ልትሞትብኝ ነው’ ይላል።

ነካችው። የዛሬ አምስት ዓመት የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ‘ጠይም’ ትባላለች። ‘ብቻዬን ያለሁ ሴት ነኝ። የእናቴ ኦክስጅን ማሽን ሞተሩ ይሠራል ግን ቢጫ ያበራል፣ ስፖንጁን አጥቤዋለሁ’ ብላ ከሥሩ የማሽኑን ቁጥር ጽፋለች። ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩን ከማሽኑ ጀርባ ካለው ጋር አስተያየችው። አንድ ነው። ከዚያ በታች፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ፦ ‘ርዕሱ ጉዳዩን አይናገርም። ተዘግቷል። ጋሼ ብሎን።’

ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። መልሱ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አዘነች፤ ለአባቷ ይሁን ለዚያች ሴት ወይም ለራሷ ለይታ አላወቀችም። ገጹን ልትዘጋ ስትል ግን ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አየች፦ ‘ከተዘጋ በኋላ ጸሐፊዋ መልስ ልትለጥፍ ሞክራለች፤ አንድ ጊዜ፤ መድረኩ አልተቀበለውም።’ ቀኑ ጥያቄው በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ነው። ምን ልትል እንደነበር የተጻፈ የለም።

የምትለው ነበራት ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ የጠይምን ስም ነካች። አሁንም አባል ናት፤ በፍሪጅ ክፍል ውስጥ ለሰዎች ስትመልስ ትውላለች፣ ሥራዋም ፍሪጅ መጠገን ነው ይላል። ከስሟ ጎን እዚያ መሆኗን የሚናገር አረንጓዴ ነጥብ በርቷል።

የግል መልእክትም ርዕስ ይጠይቃል። ጣቷ እዚያ ላይ ደረሰና ቀዘቀዘ። የምትጽፈው በራሷ ስም አይደለም፣ ታግዳለች። የምትጽፈው በጋሼ ብሎን ስም ነው። የዛሬ አምስት ዓመት አፏን የዘጋው ስም ዛሬ እርጂኝ ብሎ በሯን ሊያንኳኳ ነው። መጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ እህቴ ብላ ጀመረች፤ አጠፋችው። ስለ አንድ ማሽን ልጠይቅሽ ነበር ብላ ጻፈች፤ ያም እውነት ነው፣ ጉዳዩን ግን አይናገርም። ብታድበሰብሰው ይሻል ይሆን? ምናልባት ሴትየዋ ስሙን ረስታው ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ጠዋት አሰበች፤ ካቻቢቴ የሚለውን ስም በአምስት ዓመት ውስጥ እረሳው ይሆን ብላ ራሷን ጠየቀች። አትረሳውም።

ርዕሱን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ‘ጥያቄሽን የዘጋው ሰው ዛሬ በእናትሽ ቦታ ተኝቷል።’ ውስጡን አጭር አደረገችው። ልጁ ነኝ፣ ስልኩን የከፈትኩት በጣቱ ነው፣ እሱ አያውቅም። ማሽኑ ያው ያንቺው ነው። የሞከርኩት ይህ ይህ ነው። ሲሊንደሩ አስር ሰዓት አይሞላም። በሦስተኛው ቀን ልትጽፊ የነበረውን ንገሪኝ። ባትነግሪኝም አልፈርድብሽም። ላከችው።

ወዲያው ‘ተነቧል’ አለ። ከዚያ አረንጓዴው ነጥብ ጠፋ።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነጥቡን ታያለች፣ መርፌውን ታያለች፣ የአባቷን ደረት ታያለች። ወንድሟ ደወለ፤ ገመድ ያላቸው ሰዎች አግኝቻለሁ፣ ሲሊንደሩን ጀርባዬ ላይ አስሬ ልሻገር ነው አላት። አንተንም ወንዝ ከወሰደህ ማንን ልቅበር ብላ ጮኸችበት፣ ከዚያ ለምና አስቀረችው። ስልኩን ስትዘጋ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። መርፌው ታችኛዋ ጭረት ላይ ተኝቷል። መለኪያው ሰማንያ አንድ ይላል። ሴትየዋ እንደማትመልስ ገባት፤ በልቧም ልክ ናት አለች። ይህን ማሰቧ ራሱ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

መልእክቱ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ሰላምታ የለውም።

‘ማሽኑን ከሶኬት ንቀዪ። የኋላ ክዳኑ አራት ብሎን አለው፣ ፍቺው። ከታች በስተግራ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ፕላስቲክ ታገኛለሽ። ትርፉ አየር የሚወጣበት ነው፤ ድምፅ እንዲያፍን ነው የተገጠመው። ውስጡ ተደፍኗል። በእጅሽ አዙረሽ አውጪው። መልሰሽ አትግጠሚው፣ ያለሱ ይሠራል። በጣም ይጮኻል፣ አትደንግጪ። አስር ደቂቃ ጠብቂ።’

የአባቷን የዕቃ ሣጥን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ሦስቱ ብሎን ወጣ። አራተኛው አልነቃነቅ አለ፤ ባለፈው ዓመት ክዳኑን ከፍቶ የዘጋው አባቷ ነው፣ እሱ ያጠበቀውን ደግሞ ማንም አይፈታውም። የልብስ መቀሷን አነሳች፣ ክዳኑ ሥር ሰካች፣ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። የመቀሱ ጫፍ ተሰበረ፣ ክዳኑም ተሰነጠቀ። ጥቁሯ ፕላስቲክ እንደተባለው ከታች በስተግራ ነበረች። አዙራ ስታወጣት ከውስጧ እንደ አመድ ያለ ነገር እጇ ላይ ፈሰሰ።

ሶኬቱን ሰካችው። ማሽኑ በየጥቂት ሰከንዱ ትልቅ ሰው ሲያስነጥስ ዓይነት ይጮህ ጀመር። መብራቱ ቢጫ ነው። ሦስት ደቂቃ፣ ቢጫ። አምስት ደቂቃ፣ ቢጫ። ስድስተኛው ላይ ሲሊንደሩ ዝም አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያፏጭ የዋለው ድምፅ ቀጥ ሲል ጊዜ እሷም አብራ ትንፋሿን ያዘች። ቱቦውን ነቅላ ገና ቢጫ ያለው ማሽን ላይ ሰካችው፤ ሌላ ምርጫ የላትም። ሰባ ስድስት። ሰባ ሦስት። የአባቷን እጅ ይዛ ሌላ ምንም ሳይሆን ስፖንጁን በየሳምንቱ አጥቤዋለሁ አባዬ፣ አንድም ሳምንት አላለፈኝም ትለዋለች። ሰባ ሁለት። ሰባ ሁለት። ሰባ አምስት። ቀና ስትል መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል።

ሰማንያ ስምንት ሲደርስ ወለሉ ላይ፣ ብሎኖቹ መሃል ተቀምጣ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ ነው ያለቀሰችው፤ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ለራሷም አልተሰማትም።

ስልኩ ሌላ መልእክት አመጣ። ‘ሠራ?’ ይላል። ሠራ ብላ መለሰች፣ ምስጋና ልትጨምር ስትጀምር ሴትየዋ ቀደመቻት።

‘እናቴ ያረፈችው በሁለተኛው ቀን ነው። ማሽኑን የፈታሁት በሦስተኛው ቀን ነው፣ ልሰባብረው ብዬ። ያቺን ፕላስቲክ ስነቅላት ሠራ። ሌላ ሰው እንዳይቸገር ብዬ ልጽፈው ስል ጥያቄሽ ተዘግቷል አለኝ። ቅድም የዘገየሁት ልተውሽ ፈልጌ ነው። ይህን የምነግርሽ እውነቱን እንድታውቂ ብዬ ነው።’

ልብስ ሰፊዋ ገብቶኛል ብላ ጻፈች።

አባቷ ወደ ራሱ የተመለሰው አመሻሹ አካባቢ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ማሽኑ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው የሚል ነበር። ሁሉንም ነገረችው፤ የተዘጋባትን፣ የታገደችውን፣ ፈተና ተባለ ብላ ያበደችውን። ካቻቢቴ ጋ ስትደርስ እንደመሳቅ ቃጣው። ከዚያ የጠይምን ነገረችው። መነጽሬን አምጪ አለ። ስልኩን ተቀብሎ ራሱ አነበበ፤ የሷን ጥያቄ፣ የራሱን መልስ፣ የዛሬውን መልእክት። ሲጨርስ ከላይ ጀምሮ ደግሞ አነበበው። ልጁ ፊቱን ታያለች። ደንብ ደንብ ነው ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢልም ልትቆጣው ተዘጋጅታ ነበር።

አላለም። አውራ ጣቱን ‘ክፈት’ የሚለው ላይ አደረገ፣ ጣቱ ስቶ ሌላ ነካ። እጁን ይዛ አብራው ነካችው። ግራጫው ርዕስ ጠቆረ። ከሥሩ ‘ርዕሱን ማስተካከል ይፈልጋሉ?’ የሚል መጣ።

ልብስ ሰፊዋ ጻፊ እስኪላት ጠበቀች። ማሽኑ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ሁለተኛ አስነጠሰ።

"የማሽኑን ዓይነት ላስገባ?" አለችው።

"አንቺ ምን ብለሽ አገኘሽው?"

"እንደሷ ብዬ። እርዱኝ ብዬ።"

"ተዪው እንግዲህ" አለ፤ ቃሉን በትንፋሽ እየከፋፈለ ነው የሚያወራው። "የሚቀጥለውም እንዲሁ ብሎ ነው የሚመጣው።"

ርዕሱን ሳትነካው ተወችው። መፍትሔውን ጠይም ራሷ ከሥሩ እንድትጽፈው ጥያቄሽ ተከፍቷል ብላ ላከችላት። አባቷ መነጽሩን አላወለቀም።

"ስንት ናቸው አልሽኝ?"

"አሥራ አንድ። አስር ይቀራሉ።"

"ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።"

ነገ ይሁን፣ ዛሬ ተዳክመሃል አለችው። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን ከደነ፣ አውራ ጣቱን ግን ስልኩ ላይ እንደዘረጋ ነው። የመጀመሪያው ርዕስ ‘እባካችሁ ቶሎ’ ይላል። አነበበችለት፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከሥሩ ካለው ከራሱ ስም ጋር።